በአብላጫ ድምፅ የጸደቀው ቁጥር

አንድ ሚሊዮን አንድ የሚባለው ቁጥር በሌላ በምንም ቁጥር እንደማይካፈል፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። ቀልድ አይደለም። ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሰብሳቢ ተቀምጦ፣ እጅ ወጥቶ ነው የተወሰነው። እኔ እዚያ ነበርኩ። እጃቸውን ካወጡት ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተው ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ሲጠጡ ይውላሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሉኛል። ሰላምታቸውን እቀበላለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር ከእኔ ባይጠብቁ ጥሩ ነው።

ስማቸውን ለውጫለሁ። የለወጥኩት ለእነሱ አዝኜ ሳይሆን ልጆቻቸው ምንም ስላላደረጉኝ ነው።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። እኔ የማክሰኝት ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ አጠናሁ፣ በዲግሪ ተመረቅሁ፣ ጎንደር ተመደብኩ። በሒሳብ ክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የክፍሉን ኃላፊነት ለዓመታት በተጠባባቂነት ሠርቻለሁ። ተጠባባቂ ማለት ሥራው የአንቺ፣ ወንበሩ የሌላ ሰው ማለት ነው። ወንበሩ ዞሮ ዞሮ ለደምሴ ተሰጠ። ደምሴ እንደ እኔው ባለ ዲግሪ ነው፤ ከእኔ በኋላ የመጣ፣ ረዥም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ እጁ ላይ ጠመኔ የማይታይበት ሰው። የሒሳብ መምህር ሆኖ ጠመኔ የማይነካው ሰው ምን እንደሚሠራ ለእናንተ እተዋለሁ። ዓይኑ ዞን ትምህርት መምሪያ ላይ ነበር። እዚያ አንድ ወንበር ሊለቀቅ ነው ይባል ነበር፤ ደምሴም ከዞን የመጣ ሰው ባየ ቁጥር ድምፁ ይለወጣል።

ነገሩ የተጀመረው በወላጆች ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፣ ድምፅ ማጉያው ያንቧርቃል፣ ከፊት ወንበር ላይ ከዞን የመጡ እንግዳ ተቀምጠዋል። መዝሙር ተዘመረ፣ ድራማ ታየ፣ ከዚያ የጥያቄና መልስ ውድድር መጣ። የሒሳቡን ጥያቄ ያወጣውም የሚጠይቀውም ደምሴ ነበር። ጥያቄው ለወላጅ እንዲያምር ተብሎ የተዘጋጀ ነው። አንድ ትልቅ ቁጥር በካርቶን ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ቀረበ፦ 1,000,001። ሁለቱ ቡድኖች እየተፈራረቁ የዚህን ቁጥር ባሕርይ መናገር አለባቸው።

«ጎዶሎ ቁጥር ነው» አለ አንዱ ልጅ። ተጨበጨበ።

«ከግራም ቢነበብ ከቀኝም ቢነበብ ያው ነው» አለች ሌላዋ። ለዚህ ደግሞ ወላጆቹ ራሳቸው ካርቶኑን እያዩ አጨበጨቡ።

«የአሐዞቹ ድምር ሁለት ነው፤ ስለዚህ ለሦስትም ለዘጠኝም አይካፈልም።»

«የሺህ ስኩዌር ሲደመር የአንድ ስኩዌር ነው።»

እዚህ ላይ ደምሴ ፈገግ አለ። ይህን መልስ ሲጠብቅ ነበር። ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ ወደ እንግዳው ዞረ።

«የመጨረሻው ጥያቄ። ይህ ቁጥር ፕራይም ነው ወይስ አይደለም? ለወላጆች ግልጽ እንዲሆን፣ ፕራይም ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም የማያካፍለው ብቸኛ ቁጥር ነው። እንደ ሰባት፣ እንደ አሥራ ሦስት።»

ተራው የሰዓዳ ነበር። ሰዓዳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ፣ አባቷ አቶ ኑሩ እንደ አባቱና እንደ አያቱ አራዳ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚነግድ። ትንሽ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ስትናገር ሰው የማታይ። ማትሪክ ደርሶባት ነበር። ካርቶኑን አየችና «ፕራይም አይደለም» አለች።

«ለምን?»

«መቶ አንድ ያካፍለዋል።»

«መቶ አንድ» አለ ደምሴ በማይክራፎኑ። «ምነው ሁለት መቶ ሁለት አላልሽም?»

ዳሱ ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፣ ቆመች። ደምሴ ማስረዳት ጀመረ። ለሦስት ስናካፍለው ሁለት ይተርፋል፣ ለሰባት ሁለት ይተርፋል፣ ለአሥራ አንድ ሁለት፣ ለአሥራ ሦስት ሁለት። ቁጥሩ አልደፈርም ብሏል። ደግሞም፣ አለ፣ የስኩዌር ድምር ነው። የሁለት ስኩዌር ድምር ፋክተር እንደማይደረግ ዘጠነኛ ክፍል ተምራችኋል። ስለዚህ ፕራይም ነው። መልሱ ስህተት፣ ነጥቡ ለሌላኛው ቡድን።

አንባቢ እዚህ ላይ እንዳይጠፋበት በአጭሩ ላስረዳ። ለሦስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስት ሁልጊዜ ሁለት የሚተርፈው ቁጥሩ ጀግና ስለሆነ አይደለም። 999,999 ለእነዚህ ሁሉ ይካፈላል። የእኛ ቁጥር ከእሱ በሁለት ይበልጣል፤ ሁለቱ ትተርፋለች፣ አለቀ። ስለ ሌሎቹ አካፋዮች ይህ ምንም አይነግረንም። ስኩዌሩ ደግሞ የባሰ ነው። አልጀብራ ላይ የሁለት ፊደል ስኩዌር ድምር አይበተንም እንላለን። ይህ ስለ ፊደሎቹ እንጂ በፊደሎቹ ቦታ ስለሚገቡት ቁጥሮች የተነገረ አይደለም። ይህን የማይለይ ሰው የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበር።

ከመምህራን ረድፍ ተነሳሁ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ አልፈለግሁም።

«መምህር ደምሴ፣ የሦስት ስኩዌርና የአንድ ስኩዌር ድምር ስንት ነው?»

አየኝ። «አሥር።»

«አሥር ፕራይም ነው?»

ዳሱ ውስጥ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ኧረ አሥርማ ለአምስት ይካፈላል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዳውም ሳቁ። ደምሴ እኔ ስለተናገርኩት አይደለም ጠላት የሆነው፤ እንግዳው ስለሳቁ ነው። «ዝርዝሩን በክፍላችን እንነጋገራለን» ብሎ ውድድሩን ዘጋ። ነጥቡን ግን ለሌላኛው ቡድን ሰጠ።

ገና ዳሱ ሳይፈርስ ዘውዱ አጠገቤ መጣ። ዘውዱ የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው። ጥሩ ሰው ይባላል። ማንንም አስቀይሞ ስለማያውቅ ነው እንዲህ የሚባለው፤ ሰው ሳያስቀይሙ ለመኖር ምን ምን መዋጥ እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ የለም።

«ጥሩዬ፣ ሰኞ ግምገማ ተጠርቷል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጥያቄው ወረቀት የነበረበት ቁም ሳጥን ቁልፍ አንቺ ጋ አለ አይደል? ደምሴ፣ አውጥታ ለልጅቷ ሰጥታታለች እያለ ነው። እኔን ለማዋረድ አሲረው ነው እያለ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ጥያቄ ሰርቃለች ከተባለ ትታገዳለቻ። ማትሪኩም ያልፋታል። አባቷ ደግሞ አንዴ ከወጣች የሚመልሳት ይመስልሻል? ይድራታል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ትላለህ?»

«ግለ ሂስ አድርጊ። ተሳስቻለሁ፣ ቁጥሩ ፕራይም ነው በይና ይለፍ። ምን አለበት? ቁጥር ነው።»

«አንተ ምን ትላለህ? ፕራይም ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ። «አላየሁትም።»

ይህ ሰው በዚያው ሳምንት የኪዩብ ድምር እንዴት እንደሚበተን ሲያስተምር ነበር። ቀመሩን እሱ ጽፎት ከወጣበት ሰሌዳ ላይ ራሴ አጥፍቼዋለሁ። መቶን በመቶ፣ ውጤቱን እንደገና በመቶ ብታባዙት ሚሊዮን ይመጣል። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን አንድ የመቶ ኪዩብና የአንድ ኪዩብ ድምር ነው። የሁለት ኪዩብ ድምር ደግሞ ሁልጊዜ በመሠረቶቹ ድምር ይካፈላል። መቶና አንድ፣ መቶ አንድ። ሌላኛው አካፋይ 9,901 ነው። ሁለቱም ፕራይም ናቸው። የቁጥሩ ምስጢር ይኸው ነው፤ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሠሩት፣ ከእነሱ በቀር ማንንም ወደ ውስጥ የማያስገባ ቁጥር። ዘውዱ ይህን ሊያይ አልፈለገም። አለማየት ከአለማወቅ የከፋ መሆኑን ያኔ ገና አልተረዳሁም ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አቶ ኑሩ ልጁን አስከትሎ ቤቴ መጣ። ወሬው አዲስ ዓለም ደርሷል። ወንበር ሰጠሁት፣ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ሰዓዳ በሩ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው» አለ። «ልጄ ተሳስታለች ይበሉልኝ።»

«ልጅዎ አልተሳሳተችም፣ አቶ ኑሩ።»

«እሱን አላህ ያውቃል። እኔ ቁጥሩን አላውቀውም። የማውቀው፣ የተሳሳተ ተማሪ ይመከራል፣ የሰረቀ ይባረራል። ተሳስታለች ከተባለች ነገ ትማራለች።»

«አባባ፣ እኔ አልሰረቅሁም» አለች ሰዓዳ።

«አንቺን ሰረቅሽ ያለሽ የለም።»

«አልተሳሳትኩምም። መቶ በመቶ በመቶ ሲባዛ ሚሊዮን ነው። ሲደመር አንድ። ቲቸር አስተምረውናል።»

«አየሽ፣ ይቺ ምላስሽ ናት ያጠፋችሽ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ «ልጅቷ ግትር ናት። ትክክል ሆና ከምትባረር ተሳስታ ብትማር ምን ይጎድልባታል? እርስዎስ ቢሆኑ ምን ይጎድልብዎታል?»

ምን እንደሚጎድልብኝ ልነግረው አልፈለግሁም። ጨርቅ የሚለካ ሰው ቁጥር እንዲህ በቀላሉ ሲሰጥ በጣም ናቅሁት። የሱቁን የጨርቅ መለኪያ ክንድ አሳጥርልኝ ቢባል እሺ ይል እንደሆነ ልጠይቀው ቃጥቶኝ ነበር። «አስብበታለሁ» ብዬ ሸኘሁት።

ከሄዱ በኋላ ግን ንግግሩ አልለቀቀኝም። የተሳሳተ ይመከራል፣ የሰረቀ ይባረራል። ደጋግሜ ሳዞረው አንድ ነገር ታየኝ። ደምሴ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይላል፦ የልጅቷ መልስ ስህተት ነው፣ ልጅቷ መልሱን ሰርቃለች። የተሳሳተ መልስ የሚሰርቅ ማን አለ? ልጅቷን ለማስባረር ከፈለገ ቁጥሩ ፕራይም አለመሆኑን ማመን አለበት። ቁጥሩ ፕራይም ነው ካለ ልጅቷ ነፃ ናት። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መሄድ አይችልም። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ስርቆቱ ከመነጋገራቸው በፊት እሱን በቁጥሩ ላይ ማሰር። ሐሳቡ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልመና እንደመጣ ማመን ዛሬም ደስ አይለኝም፤ ግን የመጣው ከዚያ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ርዕሰ መምህሩ አቶ ፈንታሁን ነው። ፈንታሁን በደርግ ጊዜም ስብሰባ ሲመራ የኖረ ነው፤ ቃላቱን ብቻ ለወጠ። በግምገማ ጠንካራ ጎንህ ይነገርሃል፣ ደካማ ጎንህ ይነገርሃል፣ ግለ ሂስ አድርግ ትባላለህ፣ በመጨረሻ እጅ ይወጣብሃል። ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል፤ ያልኖረ ምንም አላመለጠውም።

«የመምህርት ጥሩወርቅ ጠንካራ ጎን ሰዓት ማክበር ነው» ብሎ ጀመረ ፈንታሁን። ሌላ ጠንካራ ጎን ያገኘ አልነበረም። ከዚያ ደምሴ ተነሳ። የትምክህት ዝንባሌ አለባት አለ። ባልደረባን በሕዝብ ፊት ታዋርዳለች አለ። በአደራ የተሰጣትን ቁልፍ ተጠቅማ ጥያቄ አውጥታ ለተማሪ ሰጥታለች አለ።

«ማስረጃው ምንድን ነው?» አልኩ።

«ማስረጃውማ ልጅቷ ራሷ ናት» አለ ፈንታሁን ስለ ደምሴ ሆኖ። «ስንት ቁጥር ባለበት ዓለም መቶ አንድን ከየት አምጥታ ጠራች? ካልተነገራት እንዴት ታውቃለች?»

«ስለዚህ መቶ አንድ ያካፍለዋል እያሉ ነው?»

ፈንታሁን የተማረው ታሪክ ነው። ወደ ደምሴ ተመለከተ።

«አያካፍለውም» አለ ደምሴ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ቁጥሩ ይወሰን» አልኩ። «እኔን በቁጥር ጉዳይ እየገመገማችሁኝ ነው። ቁጥሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ማን እንዳጠፋ እንዴት ይታወቃል?»

ወደ ሰሌዳው ሄድኩና 9,901ን በመቶ አንድ አባዛሁ። ማባዛቱ ሁለት መስመር ነው። 990,100 ሲደመር 9,901። ድምሩን ከመጻፌ በፊት ደምሴ መጥቶ ሰሌዳውን በመዳፉ አጠፋው። ጠመኔ ሲነካ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሊያጠፋ።

«ይህ ስብሰባ ነው እንጂ ክፍል አይደለም» አለ።

«ትክክል» አለ ፈንታሁን። «ማንም በግሉ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ቤቱን ማሳመን አይችልም። ሆኖም ያነሳችው የሥነ ሥርዓት ሐሳብ ተገቢ ነው። ዲሞክራሲያዊ ነው። ቁጥሩ ላይ ድምፅ እንስጥ።»

እንዲህ ሲል የሳቀ ሰው ፈለግሁ። አልነበረም። ባለ ዲግሪዎች ናቸው፤ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ የሚያስተምሩ። የእንግሊዝኛው መምህር ብቻ «ቁጥርም በድምፅ ይወሰናል እንዴ?» አለ፤ አጠገቡ ያለው በክንዱ ነካ ሲያደርገው «ለመረዳት ያህል ነው» ብሎ ተወው። ዘውዱ ከፊቴ ተቀምጧል። ከኪሱ ካልኩሌተር አወጣ፤ ጭኑ ላይ አድርጎ ነካካው፤ አየው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ነካካውና አየው። ከዚያ አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

«ቁጥሩ ፕራይም ነው የምትሉ» አለ ፈንታሁን።

እጆቹ ወጡ። የመጀመሪያው የደምሴ ነው። የዘውዱ እጅ ከመሃል ወጣ፤ ከመጀመሪያዎቹም ከመጨረሻዎቹም እንዳይሆን ጠብቆ። የእንግሊዝኛው መምህርም አወጣ።

«የምትቃወሙ።»

እጄን አወጣሁ። ጎኔ ያሉት ወንበራቸውን ትንሽ ፈቀቅ አደረጉ።

«ድምፀ ተአቅቦ የለም። ስለዚህ ቁጥሩ ፕራይም ነው» አለ ፈንታሁንና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እግዚአብሔር ቁጥርን ሲፈጥር ያላሰበበትን ነገር ጨርሶ ያረፈ ይመስል ነበር።

«ይመዝገብ» አልኩ። ተመዘገበ። ከዚያ ተነሳሁ።

«እንግዲህ አቶ ፈንታሁን፣ ቁጥሩ ፕራይም ከሆነ ተማሪ ሰዓዳ የመለሰችው ስህተት ነው። ተስማምተናል?»

«ተስማምተናል።»

«እኔ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ወረቀቱን ካወጣሁ፣ መልሱ በደምሴ እጅ ጽሑፍ ፕራይም ነው ተብሎ እዚያው ተጽፏል። ለልጅቷ እሱን አልሰጠኋትም፤ የተሳሳተ መልስ ሰጠኋት። ልጅቷም የተሳሳተውን መልስ አጥንታ መጥታ በሕዝብ ፊት ተሳቀባት። ክሱ ይህ ነው?»

ፈንታሁን ወደ ደምሴ አየ። ደምሴ ገባው። ያን ያህል ደደብ አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ሁለታችንንም ይዞን ይወርድ ነበር፦ ቁጥሩ ፕራይም አይደለም፣ ተሳስቼ ነበር፣ እነሱ አስቀድመው አስልተውት ነው የመጡት። ይህን ቢል ልጅቷም ትባረር ነበር፣ እኔም ከሥራ እወጣ ነበር። ሰሌዳው ላይ ያጠፋውን ተመለከተ፣ እጁን ያወጡለትን ተመለከተ። ያን አፉን እያየሁ ሙሉ ሕይወቴን በዚህ ሰው ኩራት ላይ እንዳስቀመጥኩ አወቅሁ።

«ልጅቷ ተሳስታለች» አለ በመጨረሻ። «በግምት ነው የመለሰችው።»

«ስለዚህ አልሰረቀችም» አልኩ።

«አልሰረቀችም። ተሳስታለች።»

«ይመዝገብ።»

ልጅቷ ነፃ ወጣች። እኔን ግን አልለቀቁኝም። የትምክህቱና የማዋረዱ ክስ ገና ይቀር ነበርና በዚያ ላይ እጅ ወጣ። ከጎንደር ተነስቼ ከደባርቅ ወዲያ ጃናሞራ እንድዛወር የተወሰነው ያን ዕለት ነው። ዘውዱ ለዚህም እጁን አወጣ፤ አሁንም ከመሃል።

ስወጣ አቶ ኑሩና ሰዓዳ ከግቢው በር ውጭ ቆመው ነበር።

«ነገ ትግባ» አልኩት። «ተሳስታለች ተብሏል። ስርቆት የለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አቶ ኑሩ። ሁለት እጄን ያዘኝ። ልጁ ስለተሳሳተች እንዲህ የተደሰተ አባት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሰዓዳ ግን እኔን ነበር የምታየው። «ቁጥሩስ ቲቸር?»

«ፕራይም ነው ብለው ወሰኑ።»

«እርስዎስ?»

«ተቃወምኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በእሱ ተጠቅሜ አወጣሁሽ።»

አሰበችው። ፈጣን ልጅ ናት፤ ምን እንዳደረግሁ ወዲያው ገባት። «ስለዚህ ስህተቴን እርስዎ ራስዎ አስመዘገቡት» አለችኝ። «መባረር ይሻለኝ ነበር።»

«ዝም በይ አንቺ» አላት አባቷ። «ለእትዬ እንዲህ ይባላል?»

ከዚያ ወዲያ እስክዛወር ድረስ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ማትሪኩን በጥሩ ውጤት እንዳለፈችና ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ከሌላ ሰው ሰማሁ። ምን እንዳጠናች አልጠየቅሁም። ሳትሰናበተኝ መቅረቷ አስከፍቶኛል፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ትክክል መሆን ብቻ የሚያኖራት ይመስላታል። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስለ ቁጥሩ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ያን አልክድም።

ደምሴ ዞን ገባ። እኔ ጃናሞራ ወጣሁ። ብርዱን፣ ከመኪና ወርዶ በበቅሎ የሚኬደውን መንገድ፣ በጭቃ የተለሰነውን ክፍል ላወራችሁ አልፈልግም፤ የሚታዘንልኝ ሰው አይደለሁም። እዚያ የነበሩት ገበሬዎች ምነው ሴት ልጅ ብቻሽን እዚህ ድረስ ብለው ሲጠይቁኝ «በድምፅ ብልጫ» እላቸው ነበር። አንድ አያ ገብሩ የሚባሉ ሰው ብቻ ሳቁ። ብዙ ዓመት አስተማርኩ። ወደ ጎንደር የተመለስኩት ጡረታዬ ሲቃረብ ነው።

አንባቢዎቼ ያ ሰኞ ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ይህን ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚሳሳተው ስላላወቀ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አስተምር ነበር፤ ደጋግሜ፣ ታግሼ፣ ሰሌዳ እያጠፋሁ እየጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ስህተት ሲናገር መጀመሪያ የማየው የሚያውቅ መሆን አለመሆኑን ነው። የማያውቀውን ዛሬም አስተምራለሁ። የሚያውቀውን አልነካውም። ብዙ ጓደኛ አላተረፈልኝም፤ አልቆጨኝም።

ሌላም ነገር ተማርኩ። በእውነት ያልተከፈተ በር በሰው ኩራት ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ባላውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ዘውዱ ወደ ማራኪ ሰፈር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። አርጅቷል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ስለ ጤና አወራ፣ ስለ ልጆቹ አወራ። ከመውረዱ በፊት እጁን ክንዴ ላይ አድርጎ «ጥሩዬ፣ ያኔ እኮ አውቅ ነበር» አለኝ። ይህን የተናገረው ይቅር እንድለው ነው። «አውቃለሁ» አልኩት። ሌላ የምጨምር መስሎት ጠበቀ። ረዳቱ ወራጅ እያለ ይጮህ ነበር። ወረደ።

ይህን ጽሑፍ ያን ዕለት እጃቸውን ካወጡት ውስጥ የሚያነበው ይኖራል። ለእናንተ አንድ ነገር አለኝ። እርሳስ አንሱና 9,901ን በ101 አባዙ። ውጤቱን ለማንም መናገር አይጠበቅባችሁም። እጅ ማውጣትም የለም። ቤታችሁ ናችሁ፤ የሚያያችሁ የለም።